የደሴን ሰማይ የወሰነው ባሕር

ደሴ በጣሊያን ወረራ ዘመን ያሳለፈችው ሲነገር ሁለት ቀኖች ጎልተው ይወጣሉ። የመጀመሪያው ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ የጣሊያን ቦምብ ጣዮች ከተማዋን ያነደዱበት ቀን። ሁለተኛው ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ መሽጎ የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠበት ቀን። በሁለቱ መካከል አምስት ዓመት ተኩል የማይሞላ ጊዜ አለ። ብዙውን ጊዜ የፊተኛው ቀን በጭካኔው፣ የኋለኛው በጀግንነቱ ይተረካል፤ ሁለቱም እውነት ነው። ነገር ግን በ1928 የደሴ ሰማይ ለምን እንዳለ የጣሊያን ሆነ? በ1933ስ ያው ጣሊያን በዚያው ሰማይ ሥር ለምን ያለ ከለላ ቀረ? ይህ ጥያቄ በቅጡ ሲመለስ አይታይም። መልሱ ለሁለቱም ጊዜ አንድ ነው ብዬ አምናለሁ። የደሴን ሰማይ የወሰነው ከአፋር በረሃ ማዶ ያለው ቀይ ባሕር ነው። ይህን ለማሳየት በወሎ ታሪክ ስሙ የማይነሳ አንድ ሰው መከተል ይጠቅማል፤ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ተዋጊ አብራሪ የነበረውን ኮማንደር ቻርልስ ኪግሊ ፒችን። ወደ እሱ ከመድረሳችን በፊት ግን የመጀመሪያውን ቀን ማየት አለብን።

በኅዳር 1928 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋና ሰፈራቸውን ወደ ደሴ አዛወሩ። ከሸዋና ከደቡብ የሚመጣው ጦር ወደ ትግራይ ግንባር የሚያልፈው በወሎ በኩል ስለነበር ቦታው ተገቢ ነበር። ጃንሆይን ተከትለው የውጭ አገር ጋዜጠኞችና የቀይ መስቀል ሐኪሞችም መጡ። ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከአይጠየፍ እስከ ሰኞ ገበያ ተዘርግታ የነበረችው ከተማ በዚያን ጊዜ የጦር ካምፕም፣ ገበያም፣ ሆስፒታልም ሆና ነበር። ኅዳር 26 ዓርብ ነበር። ጠዋት ላይ የጣሊያን አውሮፕላኖች መጥተው ፈንጂና ተቀጣጣይ ቦምብ አዘነቡ፤ የሣር ክዳን ቤቶች ተያያዙ። ሰኞ ቢሆን ኖሮ፣ ከየገጠሩ ሰው እህልና ከብት ይዞ ሰኞ ገበያ በሚሞላበት ሰዓት፣ እልቂቱ ምን ያህል እንደሚሆን ማሰብ ይከብዳል። የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን የሚያስተዳድረው ሆስፒታልም የቀይ መስቀል ምልክት ተዘርግቶበት ሳለ ተመታ። ሐኪሞቹ ተቃውሟቸውን ወደ ዤኔቭ በቴሌግራም አስተላለፉ፤ ጋዜጠኞቹም ያዩትን ለዓለም ጻፉ። ጣሊያን ቀድሞ የካደውን ነገር በዚያ ቀን ሊክድ አልቻለም፤ ምስክሮቹ ቦታው ላይ ነበሩና።

ከዚያ ቀን ሁለት ምስሎች ቀርተውልናል። በአንዱ ጃንሆይ ራሳቸው ከፀረ አውሮፕላን መትረየስ ኋላ ሆነው ወደ ሰማይ ያነጣጥራሉ። በሌላው ሳይፈነዳ የቀረ የጣሊያን ቦምብ ላይ አንድ እግራቸውን አሳርፈው ቆመዋል። ሁለተኛውን ምስል ጠጋ ብሎ ማየት ተገቢ ነው። ቦምቡ ወፍራም የብረት በርሜል መሳይ ነገር ነው። ኢጣሊያ ውስጥ ተሠርቶ በመርከብ ተጫነ፤ ሜዲትራንያንን አቋረጠ፤ በስዊዝ ቦይ አለፈ፤ ለማለፉም የቦዩ ኩባንያ ክፍያውን ተቀበለ። ቀይ ባሕርን ወርዶ ኤርትራ ወደብ ላይ ተራገፈ፤ ወደ አውሮፕላን ሜዳ ተጓጓዘ፤ ከዚያ በኋላ ነው የአንድ ሰዓትና የሁለት ሰዓት በረራ የቀረው። ቦምቡን ደሴ ላይ የጣለው አብራሪ የሠራው የመጨረሻውን ትንሽ ክፍል ነው። የጉዞው አብዛኛው ክፍል የባሕር ጉዞ ነበር፤ ያንን ባሕር ደግሞ ማንም አልዘጋውም።

የኢትዮጵያ ሰማይ ጠባቂ እንዳልነበረው የታወቀ ነው። አገሪቱ የመጀመሪያዎቹን አውሮፕላኖች ያስመጣችው በ1921 እና በ1922 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ በተሸነፉበት ጦርነት ከአዲስ አበባ የተላከ አውሮፕላን ቦምብ ጥሎ ጦራቸውን አስደንግጧል። ልክ በስድስት ዓመቱ፣ መጋቢት 22 ቀን 1928፣ የማይጨው ጦርነት ተደረገ። በአንቺም ሰማዩ የማዕከላዊው መንግሥት ነበር፤ በማይጨው የጠላት ሆነ። በወረራው ዋዜማ ኢትዮጵያ የነበሯት ጥቂት ፖቴዝ፣ ዩንከርስና ፎከር አውሮፕላኖች ናቸው፤ ሁሉም የመልእክትና የማመላለሻ ሥራ የሚሠሩ ነበሩ። ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን በእነዚህ አውሮፕላኖች ከአዲስ አበባ ደሴ፣ ከደሴ ግንባር እየተመላለሰ መልእክት አድርሷል። የስዊድኑ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘንም በቀይ መስቀል አውሮፕላን ቁስለኛና መድኃኒት አመላልሷል። ድፍረታቸው ትልቅ ነው። ተዋጊ አውሮፕላን ግን አንድም አልነበረም፤ እንዲገዛ ቢፈለግም የሚገባበት ወደብ የሌላ አገር ነበር። ኢትዮጵያ የገዛችው መሣሪያ ጅቡቲ ላይ በፈረንሳይ ፈቃድ ታስሮ ሲቆይ፣ የጣሊያን መርከብ ግን በየቀኑ ምጽዋ ላይ ያራግፍ ነበር።

እዚህ ላይ የሚነሳ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ጣሊያን ጦሩን ያጓጓዘው ወረራው ከመጀመሩ በፊት ነበር፤ መስከረም 22 ቀን 1928 መረብን ሲሻገር በመቶ ሺህ የሚቆጠር ወታደር፣ መኪናና አውሮፕላን ኤርትራ ውስጥ ተከማችቶ ነበር፤ ስለዚህ ባሕሩ ከዚያ በኋላ ቢዘጋም ለደሴ ምንም አይፈይድም ነበር ይባላል። በሕግ በኩልም በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የቁስጥንጥንያ ውል ስዊዝ በሰላምም በጦርነትም ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ስለደነገገ እንግሊዝ እጇ ታስሮ ነበር ተብሏል። የመጀመሪያው ክርክር ጦር እንዴት እንደሚኖር ይረሳል። አውሮፕላን ተከማችቶ የሚቀመጥ ሀብት አይደለም። በበረረ ቁጥር ቤንዚን ይጠጣል፤ ሞተሩ በሰዓታት ተቆጥሮ ያልቃል፤ ቦምብ አንዴ ከተጣለ ተመልሶ አይጫንም። ጣሊያን ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ በየቀኑ ሊያበር የቻለው በየቀኑ የሚሞላለት ስለነበር ነው። ይህን ሙሶሊኒም ያውቀው ነበር። በ1938 እ.ኤ.አ. ሙኒክ ላይ ለሂትለር እንደነገረው፣ የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀቡን ወደ ነዳጅ አስፍቶት ቢሆን ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከሐበሻ ለመውጣት በተገደደ ነበር። ንግግሩን የመዘገበው የሂትለር አስተርጓሚ ፓውል ሽሚት ነው። ውሉን በተመለከተ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው መልስ ከአምስት ዓመት በኋላ የሆነው ነው። ጣሊያን በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ባወጀ ጊዜ ያው የ1881 ውል በሥራ ላይ ነበር፤ የጣሊያን መርከብ ግን በስዊዝ በኩል አላለፈም።

ያ ቀን ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ነው፤ ለደሴ ታሪክ ከኅዳር 26ም ከሚያዝያ 18ም የማያንስ ቀን ነው ብል አላጋነንኩም። ሙሶሊኒ ከሂትለር ጎን ተሰልፎ ጦርነት ያወጀ ዕለት የምሥራቅ አፍሪካ ግዛቱ ባንድ ጊዜ ደሴት ሆነ። በሰሜን ስዊዝ፣ በደቡብ ኤደን በእንግሊዝ እጅ ናቸው። በዚያን ጊዜ ጣሊያን በዚህ ግዛት 325 ያህል አውሮፕላን ነበረው፤ ለውጊያ ዝግጁ የነበሩት ግን ከግማሽ እምብዛም አይበልጡም፤ የቀሩት በመጠባበቂያና በጥገና ላይ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ በአየር የመጣ ነው። ቦምብ ጣዮች ረጅሙን በረራ ራሳቸው ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ተዋጊ አውሮፕላን ግን ያን ያህል ነዳጅ አይዝም። ስለዚህ መላ ተፈጠረ። ፊያት ሲ.አር. 42 የተባለችው ባለ ድርብ ክንፍ ተዋጊ ክንፏ ተፈትቶ፣ ሳቮያ ማርኬቲ 82 በተባለው ትልቅ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ እንደ ሬሳ ሣጥን ትገባለች። ትልቁ አውሮፕላን ከሊቢያ ተነስቶ በጠላት ይዞታ በሱዳን ላይ አልፎ ኢትዮጵያ ይገባል። እዚያ ሜካኒኮች ፈትተው ያስገቡትን እንደገና ይገጥማሉ። በዚህ መንገድ ሃምሳ የሚሆኑ ተዋጊዎች ገቡ። ብልሃቱ የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን አንድ ተራ የጭነት መርከብ በአንድ ጉዞ ሊያመጣ የሚችለውን ለማምጣት ወራት ወሰደ። ጎማ፣ የሞተር መለዋወጫና ቤንዚን ደግሞ በዚህ መንገድ በበቂ መጠን ሊመጣ አይችልም።

የጣሊያን አብራሪዎች ፈሪዎች አልነበሩም። ማሪዮ ቪዚንቲኒ በ412ኛው ጓድ ሲ.አር. 42 እያበረረ ባለ ድርብ ክንፍ ተዋጊ ከሚያበሩት ሁሉ በዚያ ጦርነት ከፍተኛውን ድል ያስመዘገበ ሰው ነው። የካቲት 4 ቀን 1933 ዓ.ም. ነፋሲት አካባቢ በመጥፎ አየር ተራራ ገጭቶ ሞተ። ጣሊያን በቪዚንቲኒ ምትክ ሌላ አብራሪ ሊያገኝ ይችላል፤ በአውሮፕላኑ ምትክ ግን ሌላ አውሮፕላን አያገኝም። የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል በዚያው ጊዜ ሃሪኬን ይዞ ከኬንያ እየገፋ ነበር፤ አንድ ሃሪኬን ቢወድቅ ሌላው ሞምባሳ ላይ ከመርከብ ይወርዳል። ልዩነቱ ይኸው ነው። በሚያዝያ 1933 የኮምቦልቻ አውሮፕላን ሜዳ የኢጣሊያ አውሮፕላን የሚነሳበት ቦታ መሆኑ ቀርቶ ሜዳው ላይ የቆመ አውሮፕላን የሚመታበት ቦታ ሆኖ ነበር።

አሁን ወደ ኪግሊ ፒች እንምጣ። ሰውየው ኢግል በተባለችው አሮጌ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ የበረራ አዛዥ ነበር። ኢግል ጣሊያን ጦርነት ባወጀ ጊዜ ሜዲትራንያን ውስጥ ነበረች፤ የነበሯት ግን ስዎርድፊሽ የተባሉ የቶርፔዶ አውሮፕላኖች ብቻ ናቸው፤ አንድም ተዋጊ አልነበራትም። ከመጋዘን ጥቂት ሲ ግላዲያተር ተዋጊዎች ተገኙ። አብራሪ ግን ከየት ይምጣ? አዛዡ ራሱ ቀድሞ ተዋጊ አውሮፕላን ያበረረ ስለነበር ወንበሩን ትቶ ገባበት፤ ከስዎርድፊሽ አብራሪዎችም ጥቂቶቹን አሠለጠነ። የበረራ አዛዥ መርከቡ ላይ ቆሞ ሌሎችን የሚያሰማራ መኮንን ነው፤ ራሱ የሚወጣው ሌላ ሰው ሲጠፋ ነው። ሐምሌ 4 ቀን 1932 ዓ.ም. ኪግሊ ፒች የመርከቧን ሰማይ ሲጠብቅ አንድ የጣሊያን ሳቮያ ማርኬቲ 79 ቦምብ ጣይ ጣለ። በዚያ ክረምት ሌሎችም ተከተሉ። ግላዲያተር አራት መትረየስ የታጠቀች፣ ፍጥነቷ በሰዓት ከ400 ኪሎ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን ነች፤ በአውሮፓ ሰማይ ጊዜ ያለፈባት ነበረች። ነገር ግን ቦምብ ጣይ ሊመታት በሚመጣ መርከብ ላይ አንዲት ግላዲያተር መኖሯና አለመኖሯ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። ደሴ በኅዳር 1928 ያጣችው ይህንን ነው።

በ1933 ዓ.ም. ክረምቱ አልፎ በጋው ሲጋመስ የጦርነቱ አካሄድ ሰውየውን ወደ እኛ ባሕር አመጣው። ኢግል በስዊዝ በኩል ወጥታ ወደ ሌላ ግዳጅ እንድትሄድ ታዘዘች፤ ቦዩ ግን ጀርመኖች ከአየር በጣሉት ፈንጂ ተዘግቶ ነበር። መርከቧ ስትጠብቅ አውሮፕላኖቿ ሥራ እንዳይፈቱ መጋቢት 16 ቀን 1933 ዓ.ም. የ813ኛውና የ824ኛው ጓድ 17 ስዎርድፊሾች በኪግሊ ፒች አዛዥነት ወደ ፖርት ሱዳን ተላኩ። ተዋጊ አብራሪው አሁን የቦምብ ጣዮች አዛዥ ሆነ። ቀደም ሲል ፎርሚዳብል የተባለችው አዲስ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ የተጎዳችውን ኢላስትሪየስን ለመተካት በቀይ ባሕር ስታልፍ፣ የካቲት 6 አውሮፕላኖቿን ልካ ምጽዋን ደብድባ ነበር። አሁን የቀረው ምጽዋ ውስጥ የታጠሩት የጣሊያን አጥፊ መርከቦች ጉዳይ ነው። ከረን መጋቢት 18 ወደቀች፤ አሥመራ መጋቢት 23 ተያዘች። ለጣሊያን መርከቦች ከወደቡ ውስጥ ሰምጦ ከመቅረት ወጥቶ መሞት ተሻለ። ሌዎኔ የተባለችው ገና ሲወጡ ቋጥኝ ላይ ወጥታ ቀረች። አምስት መርከቦች ፖርት ሱዳንን ለመምታት መጋቢት 24 ተነሱ፤ አንዷ ባቲስቲ ሞተሯ ታሞ ተለየች። የቀሩት አራቱ መጋቢት 25 ሲነጋ ፖርት ሱዳን አቅራቢያ ነበሩ።

ያን ጠዋት ስዎርድፊሾቹ ገና ጎህ ሲቀድ ተነስተው ባሕሩን ሲያስሱ አገኟቸው። ስዎርድፊሽ ጨርቅ የለበሰች፣ ክፍት መቀመጫ ያላት፣ በሰዓት ከ230 ኪሎ ሜትር የማታልፍ አውሮፕላን ነች። በዚያ ቀን የያዙት ቶርፔዶ አልነበረም፤ በክንፋቸው ሥር ስድስት ስድስት ቦምብ ተንጠልጥሎ ነበር። አጥፊ መርከብ ፈጣንና ቀጭን ዒላማ ነው፤ በደህና ጊዜ የራሱ ተዋጊ አውሮፕላኖች ከላይ ሆነው ይጠብቁታል። በዚያ ጠዋት ግን ከአራቱ መርከቦች በላይ አንድም የጣሊያን ተዋጊ አልነበረም፤ ከአሥመራ ሜዳዎች የሚነሳ አልቀረምና። ስዎርድፊሾቹ ቦምባቸውን ጥለው እየተመለሱ፣ ፖርት ሱዳን ላይ እንደገና እየታጠቁ፣ ደግመው እየመጡ መቱ። ናዛሪዮ ሳውሮ ሰመጠች፤ ዳኒዬሌ ማኒን ተከተለች። ፓንቴራና ቲግሬ ወደ ዓረብ ዳርቻ ሸሽተው የገዛ መርከበኞቻቸው አሰመጧቸው። መጋቢት 30 ምጽዋ እጅ ሰጠች፤ አድሚራል ማሪዮ ቦኔቲ ግን ከዚያ በፊት ወደቡን በሰመጡ መርከቦች አስደፍኖት ነበር።

ይህን የባሕር ድል ከልክ በላይ ማግዘፍ ስህተት ይሆናል። የጣሊያን መርከቦች በዚያ ጊዜ ነዳጅም ተስፋም ያለቀባቸው ነበሩ፤ አሥመራ ከወደቀች በኋላ ቢሰምጡም ባይሰምጡም የኤርትራ ዕጣ አይለወጥም ነበር። ቀይ ባሕርን ለጣሊያን የዘጋውም ባለ 17 አውሮፕላኑ ጓድ ሳይሆን ከሰኔ 1932 ጀምሮ ከኤደንና ከስዊዝ ሲጠብቅ የኖረው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ነው። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። የኪግሊ ፒች ሥራ የሚመዘነው በሌላ ነገር ነው። በቀይ ባሕር ላይ አንድ የጠላት የጦር መርከብ እስካለ ድረስ ባሕሩ የጦርነት ቀጣና ነው፤ የአሜሪካ መርከቦችም በአገራቸው የገለልተኝነት ሕግ ተከልክለው አይገቡም። ሚያዝያ 3 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ማለት አጥፊ መርከቦቹ ከጠፉ በስምንተኛው፣ ምጽዋ ከወደቀች በሦስተኛው ቀን፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ከጦርነት ቀጣና ውጭ መሆናቸውን አወጀ። የአሜሪካ መርከቦች የጦር ዕቃ ጭነው እስከ ስዊዝ መምጣት ቻሉ። ባሕሩ ለአንዱ ወገን ተዘግቶ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ለሌላው ወለል ብሎ መከፈቱ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው የሆነው በእነዚያ ቀናት ነው።

ከዚህ እስከ ደሴ ያለው መንገድ አጭር ነው። በመጋቢት አጋማሽ የጀርመኑ ጄኔራል ሮሜል ሊቢያ ውስጥ ጥቃት ከፍቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጦብሩቅን ከቦ ወደ ግብፅ ዳርቻ ደርሶ ነበር። የእንግሊዙ ጄኔራል ዌቭል ከምሥራቅ አፍሪካ የሚያገኘውን ወታደር ሁሉ ወደ ግብፅ ለማድረስ ቸኮለ። አዲስ አበባ መጋቢት 28 ተይዛለች፤ እዚያ የደረሰው የደቡብ አፍሪካ ጦር ግን ወደ ግብፅ እንዴት ይሂድ? ወደ ኋላ ወደ ሶማሊያና ኬንያ ወደቦች መመለስ እጅግ ሩቅ ነው። ከሁሉ አጭሩ ጣሊያኖች ራሳቸው የሠሩት መንገድ ነው፤ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማበር፣ በኮምቦልቻ፣ በደሴ፣ በአላማጣና በአምባላጌ አድርጎ አሥመራና ምጽዋ የሚደርሰው። በዚያ መንገድ ላይ የተቀመጠው ትልቁ መንገድ ዘጊ ምሽግ ኮምቦልቻና ደሴ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የጣሊያን ጦር የበላይ አዛዥ የአኦስታው መስፍን ራሱ የገባበት አምባላጌ። ሚያዝያ 5 የብርጋዴር ዳን ፒናር 1ኛው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የተነሳው በዚህ ምክንያት ነው። ደሴ የተጠቃችው የምጽዋ ወደብ ስለተፈለገ ነው።

ውጊያው ግን ቀላል አልነበረም፤ ቦታውን የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቅም። ከደቡብ የሚመጣ ጦር መጀመሪያ የፈረሰውን የጣርማበር ዋሻ መንገድ መጠገን ነበረበት። ኮምቦልቻ ሲደርስ ከፊቱ ከግራና ከቀኝ ሸንተረር ይጠብቀዋል፤ ከኮምቦልቻ በኋላ ደግሞ የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ከላይ የተቀመጠ መድፍ የእያንዳንዱን መታጠፊያ ልክ ያውቃል። የጣሊያን መድፈኞች ለቀናት ብርጌዱን አቁመውት ነበር። ሁኔታው የተለወጠው እግረኛው መንገዱን ትቶ ሸንተረሩን በጨለማ እየወጣ ከጎን ሲመታ ነው። በዚህ ላይ 500 የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን አርበኞች ካምቤል ስካውትስ በተባለው ክፍል ውስጥ ተሰልፈው የጣሊያንን ጎን ሲያስጨንቁ ነበር። ሚያዝያ 18 ደሴ ተያዘች፤ ወደ ስምንት ሺህ የሚጠጋ የጠላት ወታደር ተማረከ። የብርጌዱ ሟቾች ቁጥር በአንጻሩ እጅግ ጥቂት ነበር። እንዲህ ያለ የተመቸ ምሽግ የያዘ ጦር ይህን ያህል ቶሎ የተበተነው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ተስፋ መቁረጥ ነው። ሌላው ግን ሰማዩ ነው። በሐረጎ መታጠፊያዎች ላይ ተኮልኩሎ የሚወጣው የፒናር መኪና ለቦምብ ጣይ ከሚመኘው በላይ የተመቸ ዒላማ ነበር፤ በ1928 ወደ ማይጨው የዘመተው ጦራችን በዚያው መንገድ እንዲህ ነበር የተመታው። በ1933 ግን ከኮምቦልቻ ሜዳ የሚነሳ የጣሊያን አውሮፕላን አልነበረም።

እስካሁን ያልኩትን የሚሰማ ወሎዬ፣ ታዲያ አርበኛውስ ወዴት ሄደ ብሎ ቢቆጣ ቁጣው ተገቢ ነው። ደሴን ያስለቀቀው የባሕር ኃይልና የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1929 ዓ.ም. ያነሱት አመፅና በመጨረሻ የተቆረጠው ራሳቸው ከንቱ ሆኖ ይቀር ነበር። እኔ የምለው ግን ተቃራኒውን ነው። አርበኛው ለአምስት ዓመት ያደረገው ጣሊያንን ማስጨረስ ነው። በየአምባው ጦር ሰፈር እንዲያቆም፣ በየመንገዱ መኪና በአጀብ እንዲያስሄድ፣ በየሳምንቱ አውሮፕላን እንዲያስነሳ አስገደደው። ጣሊያን ይህን የሚያወጣውን ወጪ እስከ ሰኔ 1932 በምጽዋ በኩል ይተካው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን መሬት ላይ የሚጠፋው ጎማ፣ ቤንዚንና ጥይት ከባሕር የሚመጣ ምትክ አጣ። አርበኛው ያስወጣዋል፤ ባሕሩ እንዳይተካ ያደርገዋል። አንዱ ያለ ሌላው ምን ይሆን ነበር ተብሎ ቢጠየቅ፣ ከ1928 እስከ 1932 ያለው ዘመን ይመሰክራል። በዚያ ዘመን የአርበኛው ጀግንነት አልጎደለም፤ ጣሊያን ግን ደሴ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ባሕሩ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ አሥር ወር ተኩል ብቻ ቆየ።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ እንግሊዝ ያደረገችው ለራሷ ነው፣ ለምን እናመስግናት? ይላል። ለራሷ እንዳደረገችው ማስረጃው ከላይ ቀርቧል፤ ደሴ የተጠቃችው ለምጽዋ፣ ምጽዋ የተፈለገችው ለግብፅ ነው። በ1928 ደሴ ስትነድ ያው ስዊዝ፣ ያው ኤደን፣ ያው ባሕር ኃይል በእንግሊዝ እጅ ነበሩ። ልዩነቱ በ1928 የተመታችው ደሴ መሆኗ፣ በ1932 ሊመታ የተነሳው ደግሞ የእንግሊዝ መርከብ መሆኑ ነው። ይህን ስጽፍ በኪግሊ ፒችና በጓዶቹ ላይ ቂም የለኝም፤ እነሱ የታዘዙትን በድፍረት ፈጽመዋል፤ ጨርቅ በለበሰች አውሮፕላን አጥፊ መርከብ ላይ መውረድ ቀላል ነገር አይደለም። ጥፋቱ ባሕሩን መዝጋት እየቻሉ ከነዳጅ ማዕቀብ እንኳ የሸሹት ሰዎች ነው። የሆስፒታሉ ሐኪሞች ከደሴ የላኩት ቴሌግራም ዤኔቭ ሲደርስ ማኅበሩ ገና ስለ ነዳጅ እየተነጋገረ ነበር፤ በነዳጁ ላይ ግን ማኅበሩ ወስኖ አያውቅም።

ከደሴ በኋላ የሆነው ነገሩን ያረጋግጠዋል። የፒናር ብርጌድ ደሴ ላይ ብዙ አልቆየም። ወደ ሰሜን ወጥቶ ከአሥመራ በኩል ከመጣው የሕንድ ጦርና ከራስ ሥዩም መንገሻ አርበኞች ጋር አምባላጌን ከበበ፤ ግንቦት 11 የአኦስታው መስፍን ከምሽጉ ወጥቶ እጁን ሰጠ። ያን ጊዜ መንገዱ እስከ ባሕር ድረስ ተከፈተ። ደቡብ አፍሪካውያኑ ወደ ምጽዋ ወርደው በመርከብ ወደ ግብፅ ተሻገሩ። ከጥቅምት ወር ጀምሮ ጣሊያን በጎንደር ዙሪያ የያዘው ምሽግ ብቻ ሲቀር፣ ጥቅምት 14 ቀን 1934 ዓ.ም. የጣሊያኑ አብራሪ ኢልዴብራንዶ ማላቮልታ የቀረችለትን ሲ.አር. 42 አስነስቶ አምባዞ አጠገብ በአንድ የደቡብ አፍሪካ ግላዲያተር ተመቶ ወደቀ። የጣለው አብራሪ በማግስቱ በጣሊያን ይዞታ ላይ በርሮ ሟቹ ጀግና እንደነበር የሚመሰክር የአክብሮት ጽሑፍ ጣለ። ከዚያ በኋላ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ከጠላት አውሮፕላን ጋር የተዋጋ የጣሊያን ተዋጊ አብራሪ አልታየም።